ጋሼ ቀስበሉ እና ሁለት ቁጥር ያላት ሽጉጥ

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል። እኔን ግን ባሌ በሞተ በአራተኛው ወር፣ ሦስት መቶ አስራ ሁለት ሽጉጥ ያለበት ክፍል ውስጥ ወንበር ሰጥተው አስቀመጡኝ። ያን ሰሞን የነበረኝን ሆድ ያየ ሰው እንኳን ሽጉጥ መርፌም አያበድረኝም ነበር። ድርጅቱ የጥበቃ ድርጅት ነው፤ ባሌ ዘጠኝ ዓመት በሩን ጠብቆለታል። ሲሞት "የሟች ቤተሰብ አይጣልም" አሉና የመሣሪያ ግምጃ ቤቱ መዝገብ ጸሐፊ አደረጉኝ። ጽሕፈቴ ያምራል፣ እሱን አልክድም። ምላሴም ረጅም ነው፣ እሱንም አልክድም።

ነገሬ ግን ስለ ባሌ አይደለም፤ እሱም ይመጣል። የማወራችሁ የዚያ ክፍል ጌታ ስለነበሩት ስለ ጋሼ ቀስበሉ ነው። መሣሪያ ጠጋኝ ነበሩ። እውነተኛ ስማቸውን የማውቀው የደመወዝ ዝርዝር ላይ ስላየሁት ብቻ ነው። ጥበቃዎቹ ከፈረቃ ሲወጡ ሽጉጣቸውን ለማስረከብ መስኮቷ ላይ ይጋፋሉ፤ ሁሉም ወደ ቤቱ ቸኩሏል። እሳቸው ከውስጥ ሆነው "ቀስ በሉ! ብረት ነው የያዛችሁት፣ ዳቦ አይደለም!" ይላሉ። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" የምትለዋን ተረት በቀን አስር ጊዜ ይደግሟታል። አንዱ ቀልደኛ ጥበቃ፣ "ጋሼ፣ እሷ እኮ ያፈሰሰችውን ጨርሳ ለቅማ ቤቷ ገብታለች፤ እዚህ የቆምነው እኛ ነን" ብሎ ሰልፈኛውን በሙሉ አሳቀው። እሳቸውም ሳቁ። ሥራውን ግን አንዲት ደቂቃ አላፈጠኑትም።

ክፍሉ መስኮት የለውም፤ ያለችው መስኮት የሽቦ ፍርግርግ ያላት መረከቢያዋ ብቻ ነች። መሀሉ ላይ በቆርቆሮ የተለበጠ ረጅም ጠረጴዛ አለ። በግድግዳው ዙሪያ እንጨት መደርደሪያ፣ እያንዳንዱ ቀዳዳ ቁጥር አለው፣ እያንዳንዱ ሽጉጥ ቤቱን ያውቃል። የጋሼ መፍቻዎችና ሞረዶች ሚስማር ላይ የተሰቀሉ ሲሆን፣ በየሥራቸው የመሣሪያው ቅርፅ በጠመኔ ተስሏል፤ አንዱ ከጠፋ ባዶው ቦታ ይጮሃል። አጉሊ መነጽራቸው ከጠረጴዛው እግር ጋር በሲባጎ የታሰረ ነበር። "ለምንድነው የታሰረው?" ብላቸው "እግር አለው" አሉኝ። እዚያ ቤት ሌባ እንደሌለ እሳቸውም ያውቃሉ።

ጋሼ ከልጅነታቸው ጀምሮ መሣሪያ የነኩ ሰው አልነበሩም። እስከ ሠላሳ ዓመታቸው የስፌት መኪናና የግድግዳ ሰዓት ነበር የሚጠግኑት። ድርጅቱ ጠጋኝ አጥቶ ሲፈልግ አንዱ ዘመድ አስገባቸው። "ሞላ ሞላ ነው" ይሉ ነበር። "ቀሚስ ቢሰፋም፣ ጥይት ቢያጎርስም፣ ሲደክም አደካከሙ አንድ ነው።" የሚኖሩት ከታላቅ እህታቸው ጋር ነው። እትዬ ጆሯቸው ደከም ያለ፣ መሣሪያ የሚባል ነገር ስሙን መስማት የማይወዱ አሮጊት ናቸው። እመኑኝ፣ ጋሼ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያ ሲሠሩ፣ እትዬ ወንድማቸው ያለው ስፌት መኪና ቤት ይመስላቸው ነበር! አንድ ቀን ቤታቸው ሄጄ እትዬ፣ "ልጄ፣ የኔንም መኪና አምጪና አስጠግኚልኝ፣ ይሄ ሰውዬ የሰው እንጂ የቤቱን አይሠራም" ሲሉኝ፣ ጋሼ ከኋላቸው ሆነው በእጃቸው አፌን እንድይዝ ለመኑኝ።

ተኩስ ራሱ አይወዱም ነበር። የጠገኑትን ሲፈትሹ ምላጩን ከመሳባቸው በፊት ፊታቸውን ጭፍግግ፣ ዓይናቸውን ጭፍን ያደርጋሉ፤ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። እንደዚያም ሆነው የሽጉጥን ዕድሜ እንደሳቸው የሚያውቅ አላየሁም።

"ሽጉጥ በዓመት አያረጅም" ብለው ነው ያስተማሩኝ። ሃያ ዓመት ማህደሩ ውስጥ የተኛ ሽጉጥ ገና ሕፃን ነው፤ በአንድ ዓመት ስልጠና አስር ሺህ ጥይት የተኮሰ ደግሞ ሽማግሌ ነው። ጥይት በተተኮሰ ቁጥር ላይኛው ብረት ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ቀለሁን ይተፋል፣ ሞላው ገፍቶ ይመልሰዋል፣ ሲመለስ አዲስ ጥይት ያጎርሳል። ሞላው ከደከመ ላይኛው ብረት ሙሉ በሙሉ አይመለስም። የፀጉር ያህል ከቀረ ሽጉጡ አይተኩስም። በቃ፣ በእጅህ የያዝከው ድንጋይ ነው። ስለዚህ ሞላውን ያወጡና ከአዲስ ሞላ ጎን ጠረጴዛው ላይ ያስተኙታል፤ የጥፍር ያህል ካጠረ ይጣላል። በርሜሉን ነጭ ወረቀት ላይ አነጣጥረው በብርሃን ያዩታል። ላይኛውን ብረት ደግሞ ነጭ ጋዝ ውስጥ ይነክሩትና ጥርግ አድርገው ያደርቁታል፣ ከዚያ የተፈጨ ጠመኔ ይነሰንሱበታል። ስንጥቅ ካለ፣ ስንጥቁ የጠጣው ጋዝ ቀስ ብሎ ይወጣና ጠመኔው ላይ ቀጭን መስመር ያሰምራል። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። እነዚያን አምስት ደቂቃዎች ጋሼ ከጠረጴዛው ቀና አይሉም፤ ሻይ ባመጣላቸው እንኳ አይነኩትም። መስመሩ ከታየ "አረፈች" ይሉና ማኅተሙን ያነሳሉ፦ ከአገልግሎት ውጪ።

ሰው ታዲያ ይሄን ሲያይ ምሳሌ መስጠት ይወዳል። "ጋሼ፣ እኛም እንዲሁ ነን፣ ውስጥ ውስጡን እየተሰነጠቅን" ምናምን። እሳቸው ይሄ ነገር ያናድዳቸው ነበር። "ሰው ሞላ የለውም። ሰውን ሲደክመው አስተኛው፣ ሲርበው አብላው፤ ብረትን ነው የሚለኩት" ይላሉ።

ሁሉም ነገር በመዝገብ ነው። እያንዳንዱ ሽጉጥ አንድ ገጽ አለው፦ ስንት ጥይት ተተኮሰበት፣ ሞላው መቼ ተቀየረ። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ ከአንድ ሺህ ጥይት በታች የተኮሰ በዓመታዊው ምርመራ ላዩን ታይቶ ይታለፋል፤ ከዚያ በላይ የሆነው ይፈታል፣ ይለካል፣ በጠመኔ ይታያል።

ቅዳሜ ቅዳሜ የፅዳት ቀን ነው። አስር አስር ጥበቃ ይገባል፣ ሁሉም ሽጉጡን በዚያ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ፈትቶ በዘይት ያፀዳል። ሽጉጦቹ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ የአንዱ ላይኛው ብረት የሌላው ታችኛ አካል ላይ ልክ ይገባል። በርሜሉም ሞላውም ከላይኛው ጋር ነው የሚሄደው። ታችኛው ላይ ያለው ቁጥር ትልቅ ነው፣ ጥበቃው ሁሉ ሽጉጡን የሚያውቀው በሱ ነው። የላይኛው ቁጥር ግን ከውስጥ በኩል በመርፌ ጫፍ የተጻፈ ያህል ደቃቅ ነው፣ ያለ መነጽር አይነበብም። ስለዚህ ጋሼ፣ "የራስህን ከራስህ ጋር! የጎረቤትህን አትንካ!" እያሉ ሲዞሩ ይውሉና፣ መጨረሻ ላይ አንድ በአንድ ተቀብለው ሁለቱን ቁጥር በመነጽር አስተያይተው ነው ወደ መደርደሪያ የሚመልሱት። ሃያ ስድስት ዓመት።

አሁን ባሌ ጋ ልምጣ።

ባሌ የሞተው የመጋዘን በር ላይ ነው፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ። ሦስት ሰዎች መጡበት። አንድ ጥይት ተኮሰ። ሁለተኛው እምቢ አለ። የጓደኛው ቃል "ሁለት ጊዜ ምላጩን ሲስብ አየሁት" ይላል። ከዚያ በኋላ ያለውን አልናገረውም፤ እናንተም አትጠይቁኝ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከቀብሩ በኋላ ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቋቋመ። ሽጉጡ የወደቀው ቦይ ዳር ጭቃ ላይ ነበር፤ ከፍተው ሲያዩት ውስጡ ጥቁርና ጭቃ ሆኖ አገኙት። መሣሪያ ጠጋኙን ጠሩና "ሽጉጡ ደህና ነበር ወይ?" አሏቸው። ጋሼ መዝገቡን ገለጡ። ቁጥር አራት መቶ ሰባት፣ የተተኮሰ ስድስት መቶ አርባ፣ ዕድሜው ገና ነው አሉ። ሽጉጡን ራሱን አላሳዩዋቸውም፤ ለፍርድ ቤት በከረጢት ታሽጎ ነበር። ኮሚቴውም ጻፈ፦ "መሣሪያው ያልተኮሰው ባለመሣሪያው በአግባቡ ባለማፅዳቱ ነው።" ይሄን ወረቀት እጄ ላይ ሰጡኝ። የፈረምኩበት እኔው ነኝ።

እኔም አመንኩት። አሁን የምታዝኑብኝ እዚህ ላይ ይሁን። ባሌ ቤት ውስጥ ካልሲውን የትም የሚጥል፣ ብርጭቆ ጠጥቶ አልጋ ሥር የሚረሳ ሰው ነበር። ወረቀቱን ሳነብ በልቤ "አዎ፣ ያደርገዋል" አልኩ። በሐዘን መሀል ንዴት ገባኝ። እኔንም ልጁንም በዝርክርክነት ጥሎን ሄደ አልኩ። ልጄ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። አንድ ጠዋት ጫማዋን ሳትጠርግ ትምህርት ቤት ልትሄድ ስትል፣ "አዎ፣ እንደ አባትሽ ዝርክርክ ሁኚ፣ እሱም በዚሁ ነው የሞተው!" አልኳት። አፌን በቆረጠው! ግን ወጣ፣ አይመለስም።

እንዲህ ሆኜ ነው እንግዲህ ጋሼ ጋ የገባሁት። የመጀመሪያው ቀን ወንበር ሳቡልኝ፣ ትራስ አደረጉበት፣ "ነፍሱን ይማር" አሉ፣ ከዚያ ስለ ባሌ ሁለተኛ አላነሱም። ሁለት ዓመት አብረን ሠራን። እሳቸው ቁጥር ይጠራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ስነጫነጭ ይስቃሉ። ልጄ ስትታመም ኃላፊውን ሳይጠይቁ ወደ ቤት ይሰዱኛል። እሷ "አያዬ" ነው የምትላቸው። እኔ አባቴን በልጅነቴ ነው የቀበርኩት፤ እሳቸውን ሳገኝ ዘግይቶም ቢሆን ተተካልኝ ብዬ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ዘጋና ከረጢቱ ተመለሰ። የተመለሰ መሣሪያ ደንቡ፣ ጠጋኙ አይቶ ወይ ወደ ሥራ ይመልሰዋል ወይ ማኅተም መትቶ እንዲቆረጥ ይልከዋል። ጋሼ ከረጢቱን ሲያዩ "ዛሬ ወደ ቤትሽ ሂጂ፣ ይሄን ሌላ ሰው ይጻፈው" አሉኝ።

"ከኔ ሌላ ማን ይጻፈው? የባሌን የመጨረሻ ዕቃ ባዕድ ይጻፍልኝ?" አልኩ።

እሺ አሉ። ከረጢቱን ቆረጡት፣ ሽጉጡን አወጡት፣ ፈቱት። ጭቃው ደርቆ እንደ ቅርፊት ተጣብቋል። እኔ ብዕሬን ይዤ መዝገቡን እያየሁ ነው፤ ወደዚያ ብረት ቀና ማለት አልፈለግኩም።

"ታችኛው፣ አራት መቶ ሰባት" አሉ።

ጻፍኩ።

"ላይኛው..."

መነጽሩን ጠረጉት። አምፖሉን ወደታች ሳቡት።

"ላይኛውስ ጋሼ?"

"መስመሩን ክፍት ተይው" አሉኝ።

ድምፃቸው ተቀይሮ ነበር። ተነስተው ወደ መደርደሪያው ሄዱና የስልጠናውን ሽጉጥ አወጡት፤ ቁጥር አንድ መቶ ሃምሳ ሁለት፣ እኛ "አሮጊቷ" የምንላት። አሮጊቷ በመዝገቡ ከአስራ ስምንት ሺህ በላይ ተኩሳለች። ባሌ ከመሞቱ ጥቂት ወራት በፊት የነበረው ምርመራ ላይ ትሰናበታለች ተብሎ ነበር፤ በጠመኔው ሲያዩዋት ግን አንድ መስመር የላትም፣ በርሜሏም ያበራል። ጋሼ ያኔ በጣም ደስ ብሏቸው "ይቺ ሴት ተዓምር ናት፣ አላልቅ አለች" ብለው አንድ ዓመት ጨመሩላት። በሚቀጥለው ዓመትም ጨመሩላት። በየስልጠናው ስለሷ ይወራ ነበር፣ የጠጋኙን እጅ ያደነቀ ብዙ ነው።

ፈቷት። ላይኛውን ብረት ገልብጠው መነጽሩን አስጠጉ። ከዚያ ተቀመጡ። ወንበር ላይ ሳይሆን ወለሉ ላይ ነው የተቀመጡት፣ ግድግዳውን ተደግፈው።

እኔ ደክሟቸው መስሎኝ ውሃ ልሰጣቸው ስል፣ "ቆይ ልጄ፣ ውሃውን ተይውና መስኮቷን ዝጊልኝ" አሉ። ዘጋሁ። "የአሮጊቷ ላይኛው ብረት የባልሽ ነው። ባልሽ በር ላይ ይዞት የቆመው የአሮጊቷን ነው። አስራ ስምንት ሺህ የተኮሰ ብረት፣ ከነሞላው። ፅዳት ላይ ተለዋውጠዋል።"

"ምን ማለት ነው?" አልኩ። ቃሉ ገብቶኛል፣ ልቤ ነው እምቢ ያለው።

ሞላውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ከአዲሱ ጎን አስተኙት። የጥፍር ብቻ አይደለም፣ የጣት አንጓ ያህል አጥሯል። "የባልሽ ሽጉጥ አልቆሸሸም ነበር። ደክሞ ነበር። ሁለቱን ቁጥር አይቼ መመለስ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ኮሚቴው ሲጠይቀኝም መዝገብ አንብቤ የመሰከርኩበት እኔ ነኝ።"

"እርስዎ እኮ አንድ በአንድ ነው የሚያዩት" አልኩ።

"አሮጊቷን ከመመርመሬ በፊት አንድ ቅዳሜ አላየሁም። እትዬ ወድቃ ክሊኒክ ገብታ ነበር። ለፈረቃ አለቃው ‘ቁጥራቸውን አይተህ መልስልኝ’ ብዬ ቁልፉን ሰጥቼው ሮጥኩ። እሱ ታችኛውን ብቻ ነው የሚያውቀው፣ የላይኛውን አላሳየሁትም። ሰኞ ስመጣ ሁሉም ቤቱ ገብቷል። እንደገና ላውጣው አልኩና ሦስት መቶ ሽጉጥ ሆነብኝ፤ ተውኩት። ከዚያ ወዲህም ሁሉም ቤቱ ነው ብዬ፣ መነጽሩን በልማድ አስጠጋ ነበር እንጂ ደቃቁን ቁጥር አላነበብኩም። ምክንያት አለኝ እንግዲህ። ምክንያት ግን ሰው አያስነሳም።"

ያን ቀን "አንተ" አልኳቸው። በሕይወቴ ታላቅ ሰው "አንተ" ብዬ አላውቅም። "አንተ ነህ የገደልከው! ሁለት ዓመት ሻይ እያጠጣኸኝ! ልጄ አያዬ እያለችህ!" መዝገቡን አንስቼ ግድግዳው ላይ ወረወርኩት፤ ሞረዶቹ ረገፉ። እሳቸው እጃቸውን እንኳ ፊታቸው ላይ አላደረጉም። "አላውቅም ነበር" አላሉም፣ የማያውቁት እውነት ሆኖ ሳለ። ቢሉኝ ኖሮ ይባስ እጠላቸው ነበር። በሩን በርግጄ ወጣሁ፣ ሦስት ቀንም ሥራ አልገባሁም።

በአራተኛው ቀን ኃላፊው አስጠራኝ። የቀድሞ ወታደር ነው፣ ሁላችንም ሻምበል ነው የምንለው። ስገባ ጋሼ ፊት ለፊቱ ቆመዋል፤ በሦስት ቀን ልብሳቸው ሰፍቷቸዋል። ሻምበል እጁ ላይ የተቀደደ ወረቀት አለ።

"ይሄ ሽማግሌ አብዷል" አለኝ ሻምበል። "የተዘጋ ነገር ይቆሰቁሳል። ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ ጽፎ አመጣ፣ ቀደድኩበት።"

"ቢቀዳድዱትም በካርቦን ሦስት ቅጂ ነው የጻፍኩት፤ አንዱ ለዋናው መሥሪያ ቤት ሄዷል። ቀስ ይበሉ ሻምበል" አሉ ጋሼ።

ሳቄ መጣ። እዚያ ክፍል ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ጥላቻዬ መሀል፣ ሳቄ መጣና አፍሬ ዋጥኩት።

ሻምበል ወደኔ ዞረ። ድምፁን አለሰለሰ። "ስሚ እህቴ። ወረቀት ብቻውን ምንም አይደለም፤ መዝገቡ ነው የሚጠየቀው። ያ መስመር ክፍት ነው። ዛሬ ሽጉጡ ማኅተም ተመትቶ ቢሄድ፣ ነገ ተቆርጦ ቁርጥራጭ ብረት ነው፣ ማንም አያይም። ይሄ ሰው ጡረታው ሊደርስ አምስት ወር ነው የቀረው። ከነጥፋቱ ከተባረረ ሃያ ስድስት ዓመቱ ውሃ በላው። ጠላሽውም ወደድሽውም አባትሽን ያክላል። ባልሽ እንደሆነ አይመለስም። ላይኛው አራት መቶ ሰባት ብለሽ ሙዪውና ሁላችንም እንገላገል።"

ጋሼን አየኋቸው። ቀና ብለው አላዩኝም። ቢያዩኝ ኖሮ ልመና ይመስል ነበር፤ አውቀው ነው ያላዩኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለአፍታ አመነታሁ። በበቀል አይደለም፤ በቀሉ አንጀቴን ቅቤ ሊያጠጣው ይገባ ነበር፣ ግን አንጀቴን የበላኝ ያ የሰፋ ኮት ነው። እኒህ ሰው ዝም ቢሉ ማንም አይደርስባቸውም ነበር። ማኅተሙ በእጃቸው፣ መነጽሩ በእጃቸው። እኔም የምጽፈው የጠሩልኝን ነው። የባሌን ስም ጭቃ ውስጥ ትተው፣ ጡረታቸውን ይዘው፣ እትዬን እየጦሩ፣ ልጄ አያዬ እያለቻቸው መኖር ይችሉ ነበር።

"መዝገቡ ይምጣ" አልኩ።

መጣ፤ ጀርባው ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ተሰንጥቋል። ቁጭ ብዬ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቴ ጻፍኩ፦ ላይኛው፣ አንድ መቶ ሃምሳ ሁለት። ከሥሩ ስሜን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ከዚያ መዝገቡን ወደ ጋሼ አዞርኩት። እሳቸውም ፈረሙ።

ጋሼን በዚያው ሳምንት ከሥራ አገዷቸው፣ ከሁለት ወር በኋላም አሰናበቷቸው። እትዬ አሁንም የሚያውቁት ስፌት መኪና ቤቱ እንደተዘጋ ነው። ጋሼ በረንዳቸው ላይ ሆነው የሠፈሩን የስፌት መኪናና ሰዓት ይጠግናሉ። እሄዳለሁ፤ በወር ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴም ሦስት ጊዜ። ይቅር ብያቸዋለሁ ወይ? አንዳንድ ቀን አዎ። አንዳንድ ቀን በራቸው ድረስ ሄጄ ተናድጄ እመለሳለሁ። እሳቸውም አይጠይቁኝም። እኔን የተኩ ልጆች ግን አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱንም ቁጥር ሁለት ሰው ነው የሚያየው፣ ጽፈው ይፈራረማሉ ብለውኛል። እኔን ወደ ጽሕፈት ቤት አዛውረውኛል፤ ይሻለኛል።

ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤው የመጣው በሰባተኛው ሳምንት ነው። አራት መስመር። "የቀድሞው ውሳኔ ተሽሯል። ሟች መሣሪያቸውን በአግባቡ ይይዙ እንደነበረ፣ አደጋው የደረሰው ከእርሳቸው ጥፋት ውጪ በሆነ የመሣሪያ ብልሽት መሆኑ ተረጋግጧል።" እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የኔ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር አደረ።

ከሥራ ወጥቼ ቀጥታ ወደ ቤት ሄድኩ። ልጄ ምግብ ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። አሁን አስራ ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው፤ ዓይኗ የአባቷ ነው፣ አተያይዋ ግን የኔ ነው። መንገድ ላይ የምላትን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ይቅርታ እጠይቃታለሁ፣ ያን ጠዋት የተናገርኩትን አነሳለሁ፣ የአያዬንም ጉዳይ ሳልደብቅ እነግራታለሁ ብዬ። ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ደብዳቤውን አነበብኩላት። አንብቤ ስጨርስ ታለቅሳለች ወይም ትደሰታለች ብዬ ጠበቅኩ።

እርሳሷን አስቀመጠች። "ይሄን እኮ እኔ አውቃለሁ" አለች።

"ከየት ታውቂያለሽ? ማን ነገረሽ?"

"ማንም አልነገረኝም። አባዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲመጣ እጁ ዘይት ዘይት ይላል። ፀጉሬን ሲያሻሸኝ ‘ይሸታል’ ብዬ እሸሻለሁ። ሁሌ ቅዳሜ። አንድም ቅዳሜ ሳይሸት መጥቶ አያውቅም።"

ዘይቱ። ሸሚዙን ያጠብኩት እኔ ነኝ። የእጅጌውን እድፍ በሳሙና እያሸሁ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እየተነጫነጭኩ፣ ዘጠኝ ዓመት።

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?" አልኳት።

ልጄ አልተቆጣችም። በጣም ረጋ ብላ ነው ያየችኝ።

"አልጠየቅሽኝም እኮ እማዬ" አለችኝ።